አጭር ጉዞ ወደ ፋስ፦ የባህልና የማእድ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በሥራ ተጠምዶ የሚኖር ባለሙያ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቃት የሚከርማት ዕረፍት አጭር ናት። አጭር በመሆኗም ምክንያት ብዙ ነገር ሊያጭቅባት ይሞክራል። በአምስት ቀን አራት ከተማ፥ በአንድ ቀን ሰባት ሕንፃ፥ በአንድ ማእድ ዐሥር ዐይነት ምግብ ካልታየና ካልተቀመሰ ጉዞው ጉዞ አይመስለውም። ሲመለስ ሻንጣው በዕቃ፥ የፎቶግራፍ መሣሪያውም በሥዕል ተሞልቶ ይገኛል፤ ነገር ግን «ያየኸው አገር ሰው ጧት ምን ቀምሶ ወደ ሥራው ይሄዳል? ዳቦውንስ የት ያስጋግራል?» ብሎ የሚጠይቀው ወዳጅ ቢያጋጥመው መልስ ያጥረዋል። አባቶች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያሉት እንዲህ ላለው ተጓዥም የሚሠራ ምክር ነው።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የአጭር ጉዞ ዕቅድ ጥበቡ በመቀነስ ላይ ነው፤ ተቀንሶ የቀረውም በተጓዡ ሰዓት ሳይሆን በከተማው ሰዓት መመራት ይኖርበታል። የከተማውን ሰዓት ደግሞ ከማንኛውም ነገር ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየው ምግቡ ነው። ነገሩን በግልጽ ለማስረዳት አንዲት የሰሜን አፍሪካ ከተማ፥ የሞሮኮዋ ፋስ፥ እንደ ምሳሌ ተወስዳለች።

ፋስ፥ አውሮፓውያን «ፌዝ» የሚሏት፥ ስሟ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ባዕድ አይደለም። በአማርኛ ፋስ የሚባለው እንጨት የሚፈለጥበት መሣሪያ ነው፤ በዐረብኛም ቃሉ መጥረቢያንና መቈፈሪያን ያመለክታል። ከተማይቱ ስትቈረቈር ወሰኗ በፋስ ስለ ተተለመ፥ ወይም መሠረቷ ሲቈፈር ፋስ ስለ ተገኘ፥ ይህን ስም አገኘች የሚል ትውፊት አለ። ትውፊቱ እውነት ሆነም አልሆነ ለተጓዡ አንድ ምክር ይሰጠዋል፤ ወደ ፋስ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ዕቅዱን በፋስ ይጥረብ።

በዚህ ፋስ መጀመሪያ የሚቈረጠው ከከተማው ውጪ ያለው ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለችው መክናስ፥ በእርሷ አቅራቢያ የሚገኘው ወሊሊ የተባለው የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ፥ ሰማያዊ ቀለም በተቀቡ ቤቶቿ የታወቀችው ሸፍሸዋን፥ ከዚያም አልፎ ሙሉ ቀን በመኪና የሚያስኬደው የሰሃራ አሸዋ ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ሆኖም አራት ሌሊት ብቻ ያለው ሰው እነርሱን ለሌላ ዓመት ማቈየት አለበት። በመኪና ውስጥ ያለፈ ቀን ከከተማው የተሰረቀ ቀን ነውና።

ከተማይቱን ለመረዳት ሦስት ከተሞች ጐን ለጐን የቆሙባት መሆኗን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው «አሮጌው ፋስ» ነው። ቀዳማዊ ኢድሪስ በ789 እ.ኤ.አ. በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ ልጁ ዳግማዊ ኢድሪስም በ809 እ.ኤ.አ. ገደማ በምዕራባዊው ዳርቻ መሠረቱት። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከእንዳሉስ፥ በተለይም ከኮርዶባ፥ የተሰደዱ ቤተ ሰቦች በአንዱ ዳርቻ ሲሰፍሩ፥ ከዛሬዋ ቱኒዚያ ከቀይረዋን የመጡት በሌላው ሰፈሩ። ሁለቱ ዳርቻዎች በአንድ ቅጥር የተጠቃለሉት በ11ኛው መቶ ዓመት ነው። ሁለተኛው ከተማ የመሪኒድ ነገሥታት በ1276 እ.ኤ.አ. የቈረቈሩት «አዲሱ ፋስ» ሲሆን፥ የቤተ መንግሥቱና በ15ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተው የአይሁድ ሰፈር፥ መላሕ፥ የሚገኙት በዚሁ ነው። ሦስተኛው ሞሮኮ በ1912 እ.ኤ.አ. እዚያው ፋስ ላይ በተፈረመ ውል በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ከወደቀች በኋላ ከቅጥሩ ውጪ የተሠራው ዘመናዊ ከተማ ነው። የመንግሥቱ መቀመጫም በዚያን ጊዜ ወደ ራባት ተዛወረ። አሮጌው ፋስ በ1981 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ሁሉ ታሪክ ተጓዡ በገበታ ላይ መልሶ ያገኘዋል። ኩስኩስ ጥንተ መሠረቱ የአገሩ ነባር ሕዝብ የአማዚግ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ፥ ሞሪታኒያ፥ ሞሮኮና ቱኒዚያ በአንድነት አቅርበውት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ባስጢላ የተባለው የፋስ የክብር ምግብ ደግሞ እንደ ወረቀት በሳሳ ሊጥ ይሠራል፤ የሊጡም ስም «ዋርቃ» ለአማርኛው «ወረቀት» ዘመድ ነው። በመካከሉ የርግብ ሥጋ፥ ዕንቁላልና የተወቀጠ ለውዝ ይገባበታል፤ ከላዩ ስኳርና ቀረፋ ይነሰነሳል። ይህን የጣፋጭና የጨው ቅልቅል ብዙዎች ከእንዳሉስ ስደተኞች ጋር ያያይዙታል። በዛሬው ጊዜ በርግብ ፈንታ የዶሮ ሥጋ የሚገባበት ይበዛል። ኽሊዕ የሚሉት ደግሞ ከቋንጣ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ የበሬ ሥጋ በቅመም ታሽቶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በስብ ተቀቅሎ ለብዙ ወራት ይቀመጣል፤ ጧት ከዕንቁላል ጋር ይበላል። በሰንበት እሳት የማይነድደው የአይሁድ ቤት፥ ዓርብ ዕለት ሽንብራውን፥ ሥጋውንና ዕንቁላሉን በአንድ ማሰሮ አድርጎ ወደ ሰፈሩ ምድጃ ይልክ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል ያደረው ይህ ስኺና የተባለ ምግብ የቅዳሜ ምሳ ነው። ናና የሚጨመርበት ሻይ እንኳን የሩቅ እንግዳ ነው፤ ቅጠሉ ከቻይና የሚመጣ ሲሆን በሕዝቡ ዘንድ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ አንድ ምሳ በሚገባ የበላ ሰው የመጽሐፍን አንድ ምዕራፍ እንዳነበበ ይቈጠራል።

ስለ ጊዜው ምርጫ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በፋስ በጋው ብርቱ ሙቀት፥ ክረምቱም ዝናብና ብርድ አለው፤ ስለዚህ ለጉዞ የሚመረጡት ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ወራት ናቸው። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከበረው የዓለም የመንፈሳዊ ዜማ በዓል የሚውለው ብዙውን ጊዜ በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ስለ ሆነ፥ ዜማውን የሚፈልግ ሰው ያን ጊዜ ይምረጥ፤ ጸጥታን የሚፈልግ ይሽሸው። የረመዳን ጾምም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ፥ ቀን ከመቈረጡ በፊት መታየት አለበት። በረመዳን ቀን ላይ አብዛኛው ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ ማታ ግን ከተማው ሌላ ይሆናል። ከቲማቲም፥ ከምስርና ከሽንብራ የሚሠራው ሐሪራ የተባለው ሾርባ ከቴምርና ከማር ጣፋጭ ጋር በየቤቱ ይቀርባል። ሙስሊም ተጓዥ ይህን ወር ሆን ብሎ ሊመርጠው ይችላል።

የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ በኤምባሲው በኩል መጠናቀቅ አለበት። የአገሩ ገንዘብ ዲርሃም ከሞሮኮ ውጪ በቀላሉ ስለማይገኝ፥ ምንዛሪው ሲደርሱ ይደረጋል። ከካዛብላንካ እስከ ፋስ ያለው የባቡር መንገድ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ማረፊያው ግን በአሮጌው ከተማ ቅጥር ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በዚያ መኪና አይገባም፤ ሻንጣ በእጅ ጋሪ ይጓጓዛል፤ ቤቶቹም ፊታቸውን ከመንገድ መልሰው ወደ ውስጠኛው ግቢያቸው የሚመለከቱ ናቸው። የሐረርን ጀጐል የሚያውቅ ሰው ከውጪ ዝም ያለ ግድግዳ፥ ከውስጥ ያጌጠ ቤት ማለት ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። በአሮጌው ከተማ ማደር የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያት ደግሞ ማለዳው ነው። የከተማው ሥራ የሚጀመረው በማለዳ ስለ ሆነ፥ ከሩቅ ሆቴል ቁርሱን በልቶ የሚመጣ ጎብኚ ሲደርስ ግማሹ አልፏል።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንመለስ። ተጓዡ ረቡዕ ማታ ደርሶ እሑድ የሚመለስ ቢሆን፥ ሦስት ሙሉ ቀናት ይኖሩታል።

ሐሙስ የእግር ቀን ነው። መንግሥት ፈቃድ የሰጠውና መታወቂያ የያዘ አስጎብኚ ለግማሽ ቀን ይቀጠራል። ከቡ ጁሉድ በር ተነሥቶ ታላዓ ከቢራ በተባለው ቁልቁለት የሚወርድ ሰው፥ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠሩትን የቡ ኢናኒያንና የዐጣሪንን የትምህርት ቤቶች ያገኛል። በእነዚህ ውስጥ የሸክላ ጠጠሩ፥ የኖራው ቅርጽና የዝግባው እንጨት ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚከታተሉ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ከዐጣሪን አጠገብ፥ ከቀይረዋን በመጣች ፋጢማ አል-ፊህሪ በተባለች ሴት በ859 እ.ኤ.አ. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የቀረዊዪን መስጊድ አለ። የዓለም ነባር የትምህርት ማእከሎች ሲቈጠሩ ስሙ ከፊተኞቹ ጋር ይነሣል። በ14ኛው መቶ ዓመት ዘይላን ያየው ኢብን በጡጣ የጉዞ ታሪኩን ያስጻፈው በዚህችው በፋስ ነበር፤ መጽሐፉም በ1355 እ.ኤ.አ. ተፈጸመ። በሞሮኮ መስጊዶች፥ ከጥቂቶች በስተቀር፥ ሙስሊም ላልሆነ ሰው ክፍት አይደሉም። ሙስሊም የሆነው የማኅበር አባል ገብቶ ይሰግዳል፤ ያልሆነው ከደጃፍ ቆሞ ግቢውን ያያል። ጫማ አውልቆ በአክብሮት መቆምን ከልጅነቱ የተማረ ኢትዮጵያዊ ይህን እንደ ቅሬታ ሊቈጥረው አይገባም። መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ «ባላክ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ሲሰማ ጥግ መያዝ ግድ ነው፤ ጭነት የያዘ በቅሎ እየመጣ ነው ማለት ነውና።

ከሰዓት በኋላ ምንም አይታቀድ። ምሳ ዋናው ማእድ ስለ ሆነ፥ ከምሳ በኋላ አገሬው ሲያርፍ ተጓዡም ይረፍ።

ዓርብ የማእድ ቀን ነው፤ የዕቅዱም ዋና ፈተና በዚህ ቀን ይመጣል። በአሮጌው ከተማ አብዛኛው ሱቅ ዓርብ፥ በተለይ ከቀትር በኋላ፥ ይዘጋል። ይህን ያላወቀ ጎብኚ ቀኑ ባከነብኝ ብሎ ያዝናል። የሚያውቀው ግን ጧት መላሕንና በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የኢብን ዳናን ምኵራብ ጎብኝቶ፥ ከጁምዓ ጸሎት በኋላ በየቤቱ የሚቀርበውን ኩስኩስ ይጠብቃል። በእንፋሎት ደጋግሞ የበሰለው ኩስኩስ በአንድ ትልቅ ሳሕን ይቀርባል፤ ሥጋውና አትክልቱ በላዩ ይደረደራል፤ ቤተ ሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ «ቢስሚላህ» ብሎ በቀኝ እጁ ከፊቱ ይበላል። አንድ ገበታ ከብቦ በእጅ መብላት ለኢትዮጵያዊ ትምህርት አያሻውም፤ በዚህ ማእድ ላይ ከአውሮፓዊው እንግዳ ይልቅ ቤተኛ ነው።

ነገር ግን ዓርብ ለኦርቶዶክሳዊው ክርስቲያን የጾም ቀን ነው። ከዚህም በላይ በኢትዮጵያ የቈየ ልማድ ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። ይህ ጉዳይ ጉዞው ላይ ከተደረሰ በኋላ በገበታ ፊት የሚታሰብ መሆን የለበትም፤ በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። እያንዳንዱ ሰው በኅሊናው የሚወስነው ሲሆን፥ ባለቤቲቱ ደክማ ያዘጋጀችውን ማእድ በመጨረሻው ሰዓት እንቢ ማለት ግን በየትኛውም አገር ነውር ነው። ሥጋ የማይበላ ሰው ከአንድ ቀን በፊት «ብላ ልሐም»፥ ማለትም «ያለ ሥጋ»፥ ብሎ ያሳስብ። በኩስኩሱ ላይ የሚፈሰው መረቅ ብዙውን ጊዜ በሥጋ የተቀቀለ ስለ ሆነ፥ እህሉም ቅቤ ሊነካው ስለሚችል፥ ይህንንም ለይቶ ይጠይቅ። ለጾመኛ የሚሆን ምግብ በፋስ ሞልቷል። ቢሳራ የተባለው የተፈጨ የደረቀ ባቄላ ወጥ የወይራ ዘይትና ከሙን ፈስሶበት በጧት በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፤ ሽሮ የለመደ ሰው በመጀመሪያው ጉርሻ ያውቀዋል። ከበደርጃን የሚሠራው ዘዕሉክ፥ ከቃሪያና ከቲማቲም የሚሠራው ተክቱካ፥ ወይራውና ትኩሱ ዳቦም አሉ። እንዲያውም በጾም ቀን የተጓዘ ሰው፥ ለእንግዳ የሚቀርበውን ትቶ ሠራተኛው በየቀኑ የሚበላውን ያገኛል።

ወደ ማምሻው ከከተማው በስተ ሰሜን ባለው የመሪኒዶች መቃብር ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከተማውን ሙሉውን ማየት ለዓርብ ተስማሚ መዝጊያ ነው።

ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው። በማለዳ ወደ ረሲፍ ገበያ ይወረዳል፤ ከዚያ አንድ የሰፈር ምድጃ ይፈለጋል። በነባሩ ሥርዓት እያንዳንዱ ሰፈር መስጊድ፥ የሕፃናት ትምህርት ቤት፥ የውሃ መቅጃ፥ መታጠቢያና ምድጃ ነበረው። እናቶች በቤታቸው አቡክተው በሳንቃ ላይ የላኩትን ዳቦ ጋጋሪው የማን እንደ ሆነ ለይቶ፥ ጋግሮ ይመልሳል። ምንም እንኳ በቤቱ የጋዝ ምድጃ ያለው እየበዛ ቢሄድም፥ ይህ ሥራ ዛሬም አልቀረም። የምግብ ሥራ የሚያስተምሩ ቤቶች ስላሉ፥ ተጓዡ አንድ ጧት ገበያ ወጥቶ፥ አብኩቶ፥ አስጋግሮ፥ የሠራውን ቢበላ፥ ከሦስት ምግብ ቤቶች የበለጠ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የሚታዩት ባለሙያዎቹ ናቸው፤ ለሙያ ማኅበር አባላትም የፋስ ዋና ትምህርት በእነርሱ ዘንድ ይገኛል። በዚህች ከተማ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ መንገድ አለው፤ መዳብ ቀጥቃጮቹ በሰፋሪን አደባባይ፥ እንጨት ሠሪዎቹ በነጃሪን፥ ቆዳ አልፊዎቹ በሹዋራ ይገኛሉ። በጥንቱ ሥርዓት እያንዳንዱ ሙያ «አሚን» የሚባል አለቃ ነበረው፤ አሚኑ የሥራውን ጥራት ይጠብቃል፥ በሻጭና በገዢ፥ በጌታና በተማሪ መካከል የተነሣን ክርክር ይዳኛል። የገበያው ተቈጣጣሪም «ሙሕተሲብ» ይባል ነበር። ሥራውን ጨርሶ የተማረ ሰው «ምዓለም» ተብሎ በአክብሮት ይጠራል። በኢትዮጵያ ቆዳ የሚያለፋና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ለረጅም ዘመን በንቀት ስም ሲጠራ እንደ ኖረ የሚያስታውስ ተጓዥ፥ ይህን የክብር ስም ሲሰማ የሚያስበው ነገር አያጣም።

ስለዚህም ተጓዡ በእነዚህ ሰዎች ፊት የሚያሳየው ጠባይ የጉዞው መለኪያ ነው። በሹዋራ ሠራተኞቹ እስከ ጭናቸው በኖራና በቀለም ጒድጓድ ገብተው ይሠራሉ። ጎብኚው ከቆዳ ሱቆቹ ሰገነት ላይ ቆሞ፥ ለሽታው የተሰጠውን የናና ቅጠል በአፍንጫው ይዞ፥ ከላይ ወደ ታች ፎቶግራፍ ያነሣል። ሥዕሉ ያምራል፤ ነገር ግን አንድ ሰው በሥራ ገበታው ላይ ሳለ ሳይጠየቅ ቢነሣ ምን እንደሚሰማው ማንኛውም ባለሙያ ያውቃል። በምልክትም ቢሆን ፈቃድ መጠየቅ፥ እንቢ ከተባለም መተው ይገባል። ሰገነቱ የሱቁ ስለ ሆነ፥ ዕቃ የማይገዛ ሰው ጥቂት ገንዘብ ትቶ ይውረድ። ከአስጎብኚው ጋር ደግሞ ዋጋውና ወደ ሱቅ የማይገባ መሆኑ ከመነሻው መነጋገር አለበት፤ አንዳንድ ሱቅ ገዢ ላመጣለት ሰው ድርሻ ስለሚከፍል፥ ያልተነጋገረ ሰው ግማሽ ቀኑን በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይጨርሳል። ክርክር በገበያው የተለመደ ነው፤ ሆኖም ከመከራከር በፊት «ይህን ለመሥራት ስንት ቀን ፈጀ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። መልሱን የሰማ ሰው የሚጠራው ዋጋ ይለወጣል። ከአማላጅ ሱቅ አራት ዕቃ ከመግዛት፥ ከሠሪው እጅ አንድ መግዛት ይሻላል፤ የገዢው ገንዘብ ተማሪ ቀጥሮ ሙያውን ለሚያስተላልፈው ሰው ይደርሳልና።

ክቡራን ሆይ፤

ከላይ የተዘረዘረው ዕቅድ ሲጠቃለል ጥቂት ነው፤ አንድ ከተማ፥ ሦስት ቀን፥ በየቀኑ አንድ ዋና ነገር፥ ሐሙስ መንገድ፥ ዓርብ ማእድ፥ ቅዳሜ ሥራ። ብዙ ነገር እንደ ተተወ ግልጽ ነው። የተተወው ግን አይጠፋም፤ ከ1,200 ዓመት በላይ የቆየች ከተማ የሚቀጥለውን ዕረፍት ትጠብቃለች። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው፥ ያለ ልክ የታጨቀ ጉዞ ተጓዡን ተመልካች ብቻ፥ አገሬውንም ትርኢት ብቻ አድርጎ ማስቀረቱ ነው። እሑድ ጧት ወደ ባቡር ጣቢያው የሚሄደው የማኅበር አባል ለወዳጁ ጥያቄ መልስ አለው። የፋስ ሰው ጧት ቢሳራ ቀምሶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ዳቦውን በሰፈሩ ምድጃ ያስጋግራል፤ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ከቤተ ሰቡ ጋር ኩስኩስ ይበላል፤ መዳቡን የሚቀጠቅጠውን ሰው «ምዓለም» ብሎ ያከብረዋል። ለአጭር ዕረፍት ይህ በቂ ነው።